ጭቃዬን ተዉልኝ

እርጅና ሲመጣ ጥርስ ይሄዳል፣ ጉልበት ይሄዳል፣ እንቅልፍ ይሄዳል። ሳይከዳኝ አብሮኝ የቀረው ማጉረምረም ብቻ ነው። እሱንም ልጆቼ ሊነፍጉኝ ይሞክራሉ፤ ገና አፌን ሳሟሽ «አባባ ዛሬ ደግሞ በምን ተነሣ?» ይባባላሉ። ዛሬ የተነሣሁት በአፈር ነው።

እኔ ባደግሁበት በጎንደር ገጠር ቤት መሥራት የሚጀምረው በመጥረቢያ ነበር። ጎጆ ሊወጣ ያሰበ ጎረምሳ ቦታ ያይና ቁጥቋጦውን ይመነጥራል፤ ጉቶውን ይነቅላል፤ ጉብታውን በዶማ ንዶ ጎድጓዳው ላይ ይደፋል። ከዚያ ጠላ ይጠመቃል፣ ደቦ ይጠራል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምሰሶው ቆሞ ማገሩ ይታሰራል። ፈቃድ የሚጠየቅ ሰው ቢኖር የልጅቷ አባት ነው፤ እሱም የሚፈቅደው ልጁን እንጂ ግራሩን አይደለም።

እዚህ ሜሪላንድ ግን ልጄ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ተዳፋት ላይ የተቀመጠ አሮጌ ቤት ገዛና «አፍርሼ አዲስ እሠራለሁ» አለኝ። «እግዜር ያስፈጽምህ። መቼ ነው የሚቆፈረው?» አልሁት። «ኧረ አባባ፣ መጀመሪያ ፐርሚት!» አለኝ። ፐርሚት ደግሞ ብቻዋን አትመጣም፤ ዘመድ አዝማዷን አስከትላ ነው። አንዷ ለማፍረሱ፣ አንዷ ለግንባታው፣ አንዷ ደግሞ ለአፈሩ። አዎ፣ ለአፈሩ! «ሴዲመንት ኮንትሮል» ይሏታል። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ደንብ 5,000 ስኩዌር ፊትና ከዚያ በላይ መሬት የሚነካ፣ 100 ኪዩቢክ ያርድና ከዚያ በላይ አፈር የሚያንቀሳቅስ፣ ወይም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ እሷን ማውጣት አለበት። ልጄ በሦስቱም በር ገባላቸው። ከአንዱ ቢያመልጥ ሁለቱ ቆመው ይጠብቁታል።

ከዚያም በፊት የቀለሙ ጣጣ አለ። ልትቆፍር ስትል 811 ደውለህ ሚስ ዩቲሊቲ ለሚባለው አገልግሎት ታስታውቃለህ፤ አስታውቀህም ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን እጅህን አጣጥፈህ ትቀመጣለህ። ሰዎች ይመጡና ሣርህ ላይ ቀለም ረጭተው ይሄዳሉ፤ ቀይ ለመብራት፣ ቢጫ ለጋዝ፣ ብርቱካናማ ለስልክና ለኢንተርኔት፣ ሰማያዊ ለመጠጥ ውሃ፣ አረንጓዴ ለፍሳሽ። የልጅ ልጄ በመስኮት አየችና «አያቴ፣ የማን ልደት ነው?» አለች። እኔ ግን የታየኝ ሌላ ነው። ልጄ ሠላሳ ዓመት ዕዳ የሚከፍልበት መሬት ለካ የሰው ሽቦና የሰው ቱቦ ክዳን ኖሯል።

ቀለሙ ሳይደርቅ ጨርቁ መጣ። ጥቁር ጨርቅ ነው፤ በተዳፋቱ ግርጌ ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋል። በእንጨት ካስማ ይወጠራል፤ የታችኛው ጫፉ ደግሞ ቦይ ተቆፍሮለት ይቀበራል። ካልተቀበረ ውሃው ሥር ሥሩን ሾልኮ ያመልጣላ! ዝናብ ዘንቦ ጭቃ ያዘለ ጎርፍ ሲመጣ አፈሩ ከጨርቁ ጀርባ ይቀራል፣ ውሃው እየተጣራ ያልፋል። ተዳፋቱ ለሚያሰጋበት ቦታ ደግሞ በሽቦ አጥር የተደገፈ ወፍራም ጨርቅ አለ፤ «ሱፐር ሲልት ፌንስ» ይሉታል። አባቴ ለጥጆቹ ያላጠረውን ዓይነት አጥር የልጅ ልጁ ለአፈር አጠረ።

በዚህ አላበቃም። ገልባጭ መኪናው የሚገባበትና የሚወጣበት በር ላይ ድንጋይ ይነጠፋል። እንደ እኛ ለአንድ መኖሪያ ቤት ሲሆን 30 ፊት ርዝመት ይበቃዋል፤ ለሌላው ሥራ 50 ፊት ነው። ከሥሩ ጨርቅ፣ ከላይ ሁለት ሦስት ኢንች የሚያክል ጠጠር። ለምን ቢሉ፣ ጎማው ላይ የተለጠፈው ጭቃ እዚያው ተራግፎ እንዲቀርና አስፋልቱ እንዳይቆሽሽ ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ እንደምናወልቀው፣ እዚህ መኪናው ከግቢያችን ሲወጣ እግሩን ይጠርጋል።

ይህን ሁሉ የሚፈትሸው ኢንስፔክተርስ? እሱ ትሁት ልጅ ነው፤ የሚያናድደኝም ይኸው ትሕትናው ነው። ቢቆጣ ኖሮ መልስ አላጣም ነበር። እሱ ግን «ጉድ ሞርኒንግ፣ ሰር» ብሎ ይገባና ጨርቁ ሥር በርከክ ይላል። ጣቱን ሰድዶ መቀበሩን ይፈትሻል። ከጀርባው የተጠራቀመውን ደለል ያያል፤ ዘንበል ያለውን ካስማ ወዝወዝ ያደርገዋል፤ ከዚያ ወደ መንገዱ ወርዶ የጎርፍ መውረጃው አፍ ላይ አጎንብሶ ያሸታል ልበል ወይስ ይሰማል፣ ምን እንደሚያደርግ እንጃለት። አንድ ጠዋት የጎመን መደብ ላበጅ ዶማዬን ይዤ ወደ ላይኛው ጥግ ስወጣ «ይቅርታ ሰር፣ እዚያ ከመስመሩ ውጪ ነው» አለኝ። መስመሩ የፕላኑ ወረቀት ላይ ነው ያለው፤ መሬቱ ላይ ጥቂት ችካል ብቻ ይታያል። ከችካሉ ወዲህ ኤክስካቫተር ገብቶ ጉድጓድ ቢያወርድ ሕጋዊ ነው። ከችካሉ ወዲያ ሽማግሌ በዶማ ጫር ጫር ቢያደርግ «ሰር» ይባላል።

የሜሪላንድ መሬት ደግሞ ጨዋ ነው፤ ራቁቱን ብዙ አያድርም። ሥራ የቆመበት የተገለጠ አፈር በሰባት ቀን ውስጥ፣ ቀጥ ያለው ተዳፋት ደግሞ በሦስት ቀን ውስጥ መሸፈን አለበት። ዘር ይዘሩበትና ጭድ ያለብሱታል። ጭዱ በዶላር ተገዝቶ፣ በመኪና ተጭኖ፣ በክርስቲያን ደጅ ሲበተን ቆሜ አየሁ። በእኛ አገር ጭድ የበሬ ነፍስ ነው። አባቴ ከመቃብር ቀና ብሎ ቢያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በሬውስ የታለ?» ብሎ ነበር።

ይህ ሁሉ ወጪና መንበርከክ ለማን ነው ብዬ ልጄን ያዝሁት። «ለወንዙ ነው» አለኝ። ከእኛ ደጅ የሚወርደው ውሃ ስላይጎ ክሪክ ይገባል። ስላይጎ ኖርዝዌስት ብራንች ከሚባለው ይቀላቀላል፤ እሱ ወደ አናኮስቲያ፣ አናኮስቲያ ወደ ፖቶማክ፣ ፖቶማክ ወደ ቼሳፒክ የባሕር ሰላጤ። ጭቃ ሲበዛበት የሰላጤው ውሃ ይደፈርስና ከሥር የሚበቅለው ሣር ፀሐይ ያጣል፤ ኦይስተር የሚሉት ቀፎ ለባሽም በደለል ይታፈናል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2010 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በናይትሮጅን፣ በፎስፈረስና በደለል ላይ ጣሪያ አበጀ፤ ለስድስት ግዛቶችና ለዋሽንግተን ዲሲ ድርሻቸውን ቆርጦ ሰጠ። በአጭሩ ሰላጤውን ጾም አስያዘው። እኔ ይህን ኦይስተር በጾምም በፍስክም አልቀምሰውም። እሱ እንዳይታፈን ግን ይኸው የጎመን መደቤ ታገደ።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል በአገራችን። እስቲ ዓባይ ይምጣና በስላይጎ በኩል ይለፍ! ግንዱን የቆረጥህበት ፈቃድ የታለ ይባላል። አፈሩን ከየት አመጣኸው፣ ስንት ኪዩቢክ ያርድ ነው፣ ጨርቅህስ የት ነው ይባላል። ምስኪን፣ አናኮስቲያ ሳይደርስ ይታሰር ነበር። ሞንትጎመሪ ካውንቲና ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ እህትማማች ከተማ ናቸው አሉ። ጥሩ እህትማማችነት ነው! የአንዷ እህት አፈር በጨርቅ እየተጣራ ደጇ ይቀራል። የሌላዋ እህት አገር አፈር በየክረምቱ ሱዳን እየወረደ የሮዘሪስን ግድብ ሲሞላ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራው ያ ግድብ ከያዘው ውሃ ስንቱን ቦታ ለእኛ ደለል እንደለቀቀ ሱዳኖቹን ጠይቋቸው።

ደግሞ ውሃ ማስተዳደር አታውቁም እንዳትሉኝ። እርሻ ውስጥ ለጎርፍ የሚቀደደውን ቦይ ፈሰስ እንለዋለን። ከላይ ያለው ሰውዬ ፈሰሱን ወደ ታችኛው ጎረቤቱ ማሳ ካዞረ ጠብ ነው፤ ዱላ ይማዘዛሉ። ያን ጊዜ እኛ ሽማግሌዎች እንጠራለን። ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ ሁለቱን ባላጋራዎች ይዘን ማሳውን ከላይ እስከ ታች እንሄድበታለን፤ ውሃው ሣሩን ወዴት እንዳስተኛው እያየን እንፈርዳለን። ሠላሳ ደቂቃ፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት። እዚህ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ኢንጂነር ነው። ወረቀት ላይ እንደ ጣት አሻራ የተጠማዘዙ መስመሮች ይስላል፤ ከግቢህ የሚወርደው ውሃ ጎረቤትህን እንዳይጎዳ ያሳያል፤ ከጣሪያህ የሚወርደውን ዝናብ መሬት ውስጥ የሚያሰርግ ጉድጓድም ያስቆፍርሃል። ሒሳቡ ሲመጣ ልጄ ዝም አለ። እኛ በጠላ ነበር የምንፈርደው።

ወደ ዛፉ ልሂድ፤ የዛፉ ባሰ።

ከቤታችን ፊት ለፊት፣ በእግረኛው መንገድና በአስፋልቱ መካከል፣ አንድ ያረጀ ሜፕል አለ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቅርንጫፍ ይወረውርብናል። «ሣሩን የምናጭደው እኛ፣ ቅጠሉን የምንጠርገው እኛ፤ እንግዲያስ ዛፉም የእኛ ነው» ብዬ መጋዝ ጠየቅሁ። ልጄ በሁለት እጁ ያዘኝ። ሜሪላንድ የመንገድ ዳር ዛፍ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው። አውሮፓ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲንደረደር፣ በእኛ አገር ምኒልክ አርፈው ልጅ ኢያሱ ሲገዙ፣ እነዚህ ሰዎች ተሰብስበው ስለ መንገድ ዳር ዛፍ ይመክሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመንገድ ክልል ውስጥ የቆመ ዛፍ ያለ ግዛቱ ፈቃድ አይነካም። ለገንዘብ ዛፍ የሚቆርጥ ሰውም ከግዛቱ ፈቃድ ያለው «ትሪ ኤክስፐርት» መሆን አለበት። ፍየል ስጠብቅ ጀምሮ ቅርንጫፍ ስቆርጥ ያደግሁ ሰው እዚህ አገር ለመጥረቢያ ያልተማርሁ ሆኜ ቀረሁ።

መቁረጡስ ይቅር፤ የመትከሉን ዕዳ ስሙልኝ። የካውንቲው የዛፍ ጥላ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቶ ከማርች 2014 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። የአፈር ፈቃድ ያወጣ ሰው ሁሉ በነካው መሬት ስፋት ልክ የጥላ ዛፍ ይተክላል። እስከ 6,000 ስኩዌር ፊት የነካ ሦስት፣ ከዚያ እስከ 8,000 የነካ ስድስት፣ እስከ 12,000 የነካ ዘጠኝ። ቆረጥህ አልቆረጥህ አይሉም፤ አንዲት ቅጠል ሳትበጥስ ባለዕዳ ነህ። ልጄ በጥቂት መቶ ስኩዌር ፊት የስድስት ዛፉ ረድፍ ውስጥ ወደቀ። ለአንዱ ዛፍ ደግሞ 400 ስኩዌር ፊት ክፍት መሬት ያስፈልገዋል። እኔ የምተኛበት ክፍል የዚያ ሢሶ ቢደርስ ነው። አልተክልም ያለ ለካውንቲው የዛፍ ገንዘብ ይከፍላል፤ ልጄ ግን እተክላለሁ ብሏል።

«እንግዲያውስ ጌሾ እንትከል» አልሁ። ጌሾ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የሚፈለገው ሲያድግ ቅርንጫፉን ሰፊ አድርጎ የሚዘረጋ ትልቅ ዛፍ ነው፤ ኦክና የመሳሰለው። ከኦክ ጠላ አይጠመቅ! ፍሬውን የሚበላው ስኩዊረል ብቻ ነው፤ እሱም ጥጋበኛ ሆኖ ከወዲሁ መስኮቴ ላይ ቆሞ ያየኛል። ጥላውስ የሚደርሰው መቼ ነው? እኔ በዚህ ዕድሜዬ የምፈልገው ፀሐይ ነው፤ ጎመኔም፣ ጤና አዳሜም፣ ምራቴ የተከለችው በሶብላም እንደዚያው። አትክልታችን በስድስት ጎረምሳ ኦክ ሊከበብ ነው።

ታኮማ ፓርክ ከሚኖረው የማኅበር ወንድሜ ጋር ሲነጻጸር ግን እኛ ነፃ ሰዎች ነን። እዚያ ከተማው የራሱ የዛፍ ሕግ አለው። የግንዱ ውፍረት 7 ኢንች ከ5/8ና ከዚያ በላይ የሆነ ዛፍ በገዛ ግቢህ ቢሆንም ያለ ፈቃድ አይቆረጥም። ሰባት፣ ከአምስት ስምንተኛ! ፒያሳ ወርቅ ቤት እንኳ እንዲህ አይመዝኑም። ሰውዬው ጣሪያው ላይ ያዘነበለውን ለመቁረጥ ቢያመለክት ግንዱ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈና ጎረቤት አስተያየት ይስጥ ተባለ። ሰላምታ ሰጥተውት የማያውቁ ሰዎች ስለ ዛፉ ሊያነጋግሩት በሩን አንኳኩ። «ስታመም ያልመጡ ዛፌ ሲታመም መጡ» ይላል።

ዝናቡንም አልተዉትም። ጣሪያና የመኪና መግቢያ ውሃ ስለማያሰርግ፣ ባለው ስፋት ልክ በየዓመቱ ከቤት ግብር ጋር የሚከፈል ገንዘብ አለ። ሞንትጎመሪ ይህን እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ያስከፍላል። ግዛቱ በ2012 ይህንን ለትልልቆቹ ካውንቲዎችና ለባልቲሞር ግዴታ ሲያደርገው ሕዝቡ «የዝናብ ግብር» ብሎ ስም አወጣለት። ላሪ ሆገን በ2014 ለገዥነት ሲወዳደሩ ይህንኑ ስም እያነሡ ቀሰቀሱ፤ አሸነፉ፤ በ2015ም ግዴታው ተነሣ። የእኛ ካውንቲ ግን ማስከፈሉን አልተወም። በጃንሆይ ዘመን የአባቴን አስራት አይቻለሁ፤ በደርግ ዘመን የመዋጮ ዓይነት ቆጥሬ አልጨርስም። ደመና ላይ ግን ማንም አልደረሰም ነበር።

እስካሁን ያጉረመረምሁት ለጨዋታ ነው ብትሉ አልቆጣም። ከልቤ የምቆጭበት ግን ሌላ አለ። ድንበሩን ተሻግራችሁ ዲሲ ስትገቡ ዛፍ በኢንች ዋጋ ወጥቶለታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተሻሻለው ሕግ እንደሚለው፣ የግንዱ ዙሪያ ከ44 ኢንች ጀምሮ 100 ያልሞላ ዛፍ «ልዩ» ነው፤ ለመቁረጥ ለእያንዳንዱ ኢንች 55 ዶላር ትከፍላለህ። 100 ኢንችና ከዚያ በላይ ከሆነ «ቅርስ» ነው፤ ጤነኛ ከሆነ አይቆረጥም። የቆረጠ በኢንች ቢያንስ 300 ዶላር ይቀጣል። አስሉት፤ ለ100 ኢንች 30,000 ዶላር። ለልጄ ይህ ሞት ነው። ቤቱን በሚሊዮን ለሚሸጥ ሰው ግን የወጥ ቤት ዕብነ በረድ ዋጋ ነው፤ ከገዢው ላይ ይመልሰዋል። ቅጣቱን እንደ ወጪ ቆጥረው ያን የመሰለ ዛፍ የጣሉ ቤት ሠሪዎች በመብዛታቸው ምክር ቤቱ በ2022 ሥራ የሚያስቆም ሥልጣን መጨመር ግድ ሆነበት። ለድሃው ሕግ የሆነው ለባለጸጋው የዋጋ ዝርዝር ነበራ!

በደቡብ ጎንደር ላይ በአውሮፕላን ያለፈ ሰው ገላጣው እርሻ መካከል ክብ ክብ አረንጓዴ ያያል። እያንዳንዱ ክብ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶው ሰው ሳይነካው አርጅቶ ቆሟል። ኢንች የለካ የለም፤ ዶላር የተመነ የለም፤ «ሰር» የሚል ልጅም አልቆመበት። «የታቦቱ ነው» ከተባለ አበቃ። ባለጸጋ ቢሆን፣ ባላባት ቢሆን፣ ከዚያ ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ ይዞ መንደር ሲገባ ሕፃን ሳይቀር ቆሞ ያየዋል፤ ማን ያን ዓይን ይችላል? ለዚያ ቅጣት ቼክ አይጻፍለትም።

የእኛም ጉድ ግን እዚያው ቅጥሩ ሥር ነው። ፍርሃታችን ከቅጥሩ አይወጣም። ከውስጥ ያለውን ዛፍ ተሳልመን፣ ከውጭ ያለውን ከሰል አድርገን እንመለሳለን፤ ፈጣሪ የፈጠረው የውስጡን ብቻ ይመስል። እነዚህ ደግሞ ደንባቸው በየጓሮው ሳይቀር ገብቷል፤ ማፈሪያውን ግን ካሽ ሬጅስተር ላይ አስቀምጠውታል። አንዱ ከሌላው ቢበደር ምን ነበረበት?

ስለዚህ እኔም ደንብ አርቅቄአለሁ። አንቀጽ አንድ፦ ጌሾ ዛፍ ነው። አንቀጽ ሁለት፦ ቅርስ ዛፍ የጣለ ሰው ገንዘብ አይከፍልም። ዛፉ በነበረበት ቦታ ወንበር ይሰጠውና በሜሪላንድ የጁላይ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ ይቀመጥ፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ «ጤና ይስጥልኝ፣ ጥላው የት ሄደ?» ብሎ ይጠይቀው፤ እሱም ለእያንዳንዱ መልስ ይስጥ። አንቀጽ ሦስት፦ ኢንስፔክተር አፈር ሊያይ ሲመጣ ቡና ሳይጠጣ አይሄድም። ጉቦ አይደለም፣ አቦልም ቶናም በረካም ነው፤ በረካው እስኪደርስ እኔ የጎመን መደቤን እጨርሳለሁ። አንቀጽ አራት፦ ሥራው ሲያልቅ የተረፈው ጥቁር ጨርቅ ሁሉ ተጠቅልሎ ለእህቲቱ ለጎንደር ይላክ፤ የማጓጓዣውን ከዝናቡ ግብር ይቀንሱ።

ለልጄ አነበብሁለት። እስክጨርስለት ጠበቀና «አባባ፣ ይህማ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ አስተያየት ክፍት መሆን አለበት» አለኝ፤ ከእነሱ ተምሮ። ይሁን፣ ክፍት ነው። አስተያየት ያለው ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ይምጣ፤ ግን አካፋውን ይዞ ይምጣ። ስድስት ኦክ ብቻዬን አልተክልም።